ጣሊያን አገር በእግር

ጣሊያን አገር ሄጄ መጥቻለሁ ብዬ በታቦት እምል ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን ልጆቹ የት የት እንደሄዱ ይፎካከራሉ፤ አንዷ ድሬዳዋ ስትል፣ ሌላዋ ደብረ ሊባኖስ ስትል፣ እኔ ብድግ አልኩና "እኔ ጣሊያን አገር አምስት ወር ተቀምጫለሁ" አልኩ።

"በምን ሄድሽ?"

"በእግሬ!"

በቃ፣ ትምህርቴን እስክጨርስ ስሜ "በእግሬ" ሆኖ ቀረ። ከጨረስኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዷ ሰንጋ ተራ አግኝታኝ፣ መንገድ ማዶ ሆና "አንቺ በእግሬ! የት ጠፋሽ?" ብላ ሰዉን ሁሉ አዞረችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን የሚያስቀው እኮ እዚያ ድረስ ያለው ብቻ ነው። የቀረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እኔ፣ ወሬ የማላሳድረው!

የየካቲቱ እልቂት ጊዜ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ ቤታችን አባቴ፣ እኔና የአባቴ እህት እቴቴ ጀማነሽ ነን። አባቴ ኃይለገብርኤል ጸሐፊ ነበር። በዚያ ሰሞን ብዕር መያዝ ወንጀል ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ወሰዱት። በማግስቱ ደግሞ ሰፈራችንን አቃጠሉት። እቴቴ እኔን በነጠላዋ አዝላ በጓሮ አጥር ሾልካ ወጣች፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ክፍል ተጠግተን ተቀመጥን። ከብዙ ወር በኋላ ወሬ መጣ። አልገደሉትም፣ ከሌሎች ጋር ጣሊያን አገር ወስደውታል፣ ባሕር መሃል ያለ ደሴት ላይ ነው ተባለ።

እቴቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ቁጭ አለች።

"ሰፈሩ መቃጠሉን ሰምቷል፤ ይሄን የማይሰማ የለም። እኛ መትረፋችንን ግን ማን ይነግረዋል?"

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነው። ልብስ ስትጨምቅ ማን ይነግረዋል፣ ሽንኩርት ስትልጥ ማን ይነግረዋል። የታሰረ ወንድም አለኝ ብሎ ጣሊያኖቹ ቢሮ መሄድ ደግሞ ራስን ማሳሰር ነው። እኔ እንደገባኝ ነገሩ ቀላል ነበር፤ አባቴ እኛ የሞትን መስሎታል፣ አንድ ሰው ጣሊያን አገር ሄዶ "አሉ እኮ" ማለት አለበት። ይኸው ነው።

እቴቴ ለጣሊያኖች ልብስ ታጥብ ነበር። ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ አንድ ቀን ለጎረቤታችን ስለ እኔ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ "ወርቄን እዚያ ጣሊያኖቹ ዘንድ ላስቀምጣት ነው። ሲኞራዋ ዓይኗ ደክሟል፣ መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት ልጅ ትፈልጋለች። ቢያንስ በልታ ታድራለች።" ሌላውን ምኑን ሰማሁት! ጣሊያኖቹ ዘንድ። አባቴ ያለበት።

ሰኞ ጠዋት እቴቴ የታጠበውን ልብስ በአንሶላ ቋጥራ ተሸከመች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ወጣን። እየሄድን እየሄድን መንገዱ ላይ የተጋደመ እንጨት አገኘን፤ አጠገቡ የቆመ ወታደር ወረቀት ጠየቀ። እቴቴ ከጉያዋ አውጥታ አሳየችው፣ እንጨቱ ተነሳ፣ አለፍን። ኬላ! አባቴ ኬላ ማለት አገር የሚያልቅበት ነው ብሎ ነግሮኝ ያውቃል። ከእንጨቱ ወዲያ ደግሞ እውነትም ሁሉ ነገር ሌላ ነው። ቤቶቹ አዲስ፣ ኖራቸው ገና የሚሸት፣ ጣሪያቸው ቀይ ሸክላ፣ አንዱን ካንዱ የማትለዩት። በየበሩ የተጻፈው ጽሑፍ አባቴ ከሚጽፈው ጋር አይመሳሰልም። አንድ ውሻ በሳህን ሲበላ አየሁ። የት ነው ያለሁት ብዬ ማንን ልጠይቅ? ታውቆኛል እኮ! አሁን ካዛንቺስ የምንለው ነው፤ ዛሬ ፉርኖ ዳቦ ለመግዛት በነጠላ ጫማ የምሻገርበት።

በሩ ላይ እቴቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችና የመጨረሻ ምክሯን ሰጠችኝ።

"እንግዲህ እንዳታሰድቢኝ። ብይ ሲሉሽ እንደ ራብተኛ እንዳትዘልይ። መጀመሪያ 'በልቻለሁ' ትያለሽ። ሲደግሙልሽ 'ኧረ ጠግቤያለሁ።' ሦስተኛ 'በሞቴ' ሲሉሽ ያኔ ትንሽ ትቀምሻለሽ።"

"ዕቃ ቢሰጡኝስ?"

"እንደዚያው። ስጦታ ደግሞ ይባስ! አንዴ ሲሉት እጁን የሚዘረጋ ያላደገ ነው።"

በየቅዳሜው መጥታ እንደምትወስደኝ፣ ሰኞ እንደምትመልሰኝ ነግራኝ ሄደች።

ሲኞራ ኢዳ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ልጅ የላትም፤ ባሏ ሥራው ጎጃም በኩል ነው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እኔ እንዳደግሁት ጎንበስ ብዬ "እንዴት አደሩ? ደህና አደሩ? እንዴት ከርመዋል? ቤተሰብ ደህና ነው?" አልኳት። "ቦንጆርኖ" አለች። የቀረውን ጠበቅሁ። የለም! አዘንኩላት፤ ሰላምታ የሚያስተምራት ዘመድ ያጣች መሰለኝ።

እና አስቡት፣ እኔን የሚያህል ወሬኛ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያናግረኝ አጥቼ። ሲኞራ መስኮቱ ስር ትሰፋለች፣ እኔ እግሯ ስር ተቀምጬ ክር አስገባለሁ። አዎ ለማለት እንደኛ ወግ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ ሳደርግ ትደነግጥና ውሃ ታመጣልኛለች፤ ልታፈን የደረስኩ መስሏት። ስለ እቴቴ እነግራታለሁ፣ ስለ ጎረቤታችን ዶሮ እነግራታለሁ፤ እሷም በራሷ ቋንቋ አንድ ረጅም ነገር ትነግረኛለች። ሁለታችንም ስንጨርስ ዝም። አንዳንዴ ያንን ዝምታ አልችል ብዬ ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብቼ ከግድግዳው ጋር አወራ ነበር። አሁን ሳስበው እሷም የምታዋራው ሰው አልነበራትም፤ የጎረቤት ሴቶች ሲመጡ እንኳ አላየሁም። ያኔ ግን ባለአገር መስላኝ ነበር፤ ባለአገር ደግሞ ብቻውን አይሆንም ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ዳቦ በማርማላታ ቀብታ አቀረበችልኝ።

"ቮይ?" አለች። ትፈልጊያለሽ ወይ ማለቷ ከሁኔታዋ ያስታውቃል። ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ "በልቻለሁ" አልኩ፣ ራሴንም ነቀነቅሁ። አሁን ልትደግምልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን አንስታ ሄደች። ዳቦው ሲሄድ በዓይኔ ሸኘሁት። ማታም እንደዚሁ። በማግስቱም እንደዚሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስዞር፣ ወጥ ሠሪው ጋሼ ገብረዋህድ አየኝ። ሐማሴን ነው አገሩ፤ ትልቅ ሰው፣ ነጭ ሽርጥ የሚያሸርጥ፣ ጣሊያንኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ።

"ነይ ጓለይ፣ ብይ" አለኝ። ጓለይ በነሱ ልጄ ማለት ነው።

"በልቻለሁ።"

"ኧረ ብይ!"

"ጠግቤያለሁ ጋሼ።"

"አፈር ስሆን! ገብረዋህድ ይሙት!"

ዳቦውን ጎርሼ አለቀስኩ። ስለ ራቡ እንዳይመስላችሁ፤ ሦስቴ ስለጠየቀኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ሲኞራ አንዴ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እምቢ እላለሁ፣ ጋሼ ገብረዋህድ ወጥ ቤት ውስጥ ለምኖ ያበላኛል። ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሴን አተረፋት። ግን አንዳንዴ ባያበላኝ ኖሮ እላለሁ። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ብራብ ኖሮ፣ ሲኞራ "ቮይ?" ስትለኝ ወዲያው አዎ ማለትን እለምድ ነበር።

አባቴን መፈለጌን አልተውኩም። መስኮቱ ጋ ሆኜ የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ አያለሁ። አጥር የሚከረክሙ የኛ ሰዎች ሲመጡ እሮጣለሁ፤ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ሌላ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሲኞራን ፊት ለፊት "አቶ ኃይለገብርኤልን ያውቋቸዋል?" ብዬ ጠየቅኋት። ጋሼ ገብረዋህድ ቡና ይዞ ሲገባ ሰማኝ።

"ማን ነው እሱ?"

"አባቴ። እዚህ አገር ነው ያለው።"

"የት አገር?"

"ጣሊያን አገር ነዋ! እዚህ!"

ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ስኒውን አስቀመጠና ብዙ ጠየቀኝ፤ መቼ እንደወሰዱት፣ እንዴት እንዳመለጥን። አልተሳሳትሽም አላለኝም፣ ተሳስተሻልም አላለኝም። "ሰፊ አገር ነው ጓለይ፤ እሱ ያለው በወዲያኛው ዳር ነው" አለኝ። ከዚያ ዞሮ ለሲኞራ በቋንቋዋ ረጅም ነገር ነገራት። እኔ የያዝኩት "ፓፓ" የምትለዋን ብቻ ነው። ሲኞራ የምትሰፋውን ጭኗ ላይ ጣለችው። መነጽሯን አወለቀችና ብዙ ጊዜ እኔን አየችኝ።

በነጋታው የባሏን ፎቶ ማንሻ አውጥታ ደረጃው ላይ አቆመችኝ። ጸጉሬን በራሷ ማበጠሪያ አበጠረችው፤ አሳመመችኝም። "ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ዓይንሽን ግለጪ" እያለ ጋሼ ገብረዋህድ ይተረጉምልኛል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ለእቴቴሽ አትንገሪያት፤ ነገሩ ሲሳካ እኔ ራሴ እነግራታለሁ" አለኝ። አዋቂዎች ሲፈልጉ ፎቶ ያነሳሉ ብዬ ተውኩት።

ሚያዝያ ላይ ሲኞራ ታመመች። የአዲስ አበባ ከፍታ ለልቧ አልተስማማውም፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። ግንቦት ሲገባ ሻንጣዎች ከጓዳ ወጡ፤ የሰፋቻቸው ልብሶች ሁሉ እየታጠፉ ገቡ። ጋሼ ገብረዋህድ ወደ ወዲያኛው ዳር ልትሄድ ነው አለኝ። በምድር ባቡር እስከ ጂቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ።

የምትሄድበት ጠዋት ጋሼ ገብረዋህድ ለመንገዷ እንቁላል ሊገዛ ወጣ። መኪናው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ሾፌሩ ሻንጣዎቹን እያወጣ ሲኞራ ጠራችኝ፤ ኮቷን ለብሳለች፣ ጓንቷን ግን አላጠለቀችም። ከቦርሳዋ ፎቶዬን አወጣች። መጀመሪያ ሳየው ማን እንደሆንኩ አላወቅሁም፤ ዓይኗን ያፈጠጠች፣ ጸጉሯ የተላሰ ልጅ።

ሲኞራ ፎቶውን በጣቷ ነካች። ቀጥላ ቦርሳዋን ነካች። ሩቅ፣ ሩቅ በሚል እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። "ፓፓ" አለች ቀስ ብላ፤ "ቱዎ ፓፓ።"

ገባኝ። ማለቴ፣ ምንም ያልገባኝ ነገር አልነበረም። በአምስት ወር ውስጥ ሁለታችን እንደዚያን ቀን ተግባብተን አናውቅም። ፎቶዬን ለአባቴ ልትወስድለት ነው፤ ያየኛል፤ አለች ይላል።

"ቮይ?" አለችኝ።

አዎ፣ አዎ የሚለው አፌ ላይ ደረሰ። ግን እስከዛሬ ከተሰጠኝ ሁሉ ይሄ ትልቁ ነው። ዳቦ እንኳ ሦስቴ ካስባለ ይሄማ ስንቴ ያስብል! ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩና "ኧረ አይሆንም፣ ምን በወጣዎት" አልኩ፤ ራሴንም ነቀነቅሁ። ያውም አሳምሬ። እቴቴ ብታየኝ ምን ያህል በኮራችብኝ እያልኩ።

ሲኞራ ጉንጯ ቀላ። ምን መስሏት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። የፈራሁ መስሏት ይሆናል፤ ወይ እጃችሁን ከአባቴ ላይ አንሱ ያልኳት መስሏት ይሆናል። እንጃ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠችው። ግንባሬን ሳመችኝ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።

ተከትያት እስከ በሩ ሮጥኩ፤ ሁለተኛውን መኪናው ውስጥ ሆና ትለኛለች ብዬ። መኪናው ሲነሳ ከመስኮቱ እጇን አወጣች፣ አወዛወዘች፣ አስገባች። አቧራው እስኪረግብ ቆሜ ጠበቅሁ።

ጋሼ ገብረዋህድ እንቁላሉን በዘንቢል ይዞ ሲመጣ ደጁ ባዶ ነው።

"ሄደች? በዚህ ሰዓት?" ወደ ቤት ገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። "ይሄ ለምን እዚህ ቀረ?"

"ጠየቀችኝ።"

"እና?"

"አይሆንም አልኳት።"

"ምን? ለምን?"

"ሁለተኛ ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ!" አልኩ። "ምነው አልደገመችልኝም ጋሼ?"

ጋሼ ገብረዋህድ ዘንቢሉን ወለሉ ላይ ለቀቀው፣ እንቁላሉ ሲሰበር ሰማሁት። ፎቶውን ይዞ ከነሽርጡ ሮጠ። ያንን የሚያህል ሰውዬ በዚያ ሁሉ አዲስ መንገድ መሃል ለመሃል ሲሮጥ፣ ሴቶች በየመስኮቱ ብቅ እያሉ ያዩታል። ለገሃር ድረስ ነው የሮጠው። ደረሰ፤ ባቡሩ አልተነሳም ነበር። ግን ነጮች የሚገቡበትን በር እሱ ማለፍ አይችልም፤ ለዘበኛው ፎቶውን እያሳየ ለመነው። ዘበኛው ሳቀበት። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ያን ቀን አይደለም፣ በኋላ ጣሊያን ሲወጣ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ብቻዬን ልሰናበተው ሄጄ ነው። ያን ቀን ግን ተመልሶ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ልብሱ በላብ ተጣብቋል።

"ተቆጣኸኝ?" አልኩት።

"አንቺን አይደለም ጓለይ።" ፎቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። "ለእቴቴሽ ግን አትንገሪያት። መቼም ቢሆን። አትችለውም።"

እሺ አልኩ። የእሺን ክብደት አላወቅሁም ነበር።

ቅዳሜ እቴቴ ለመጨረሻ ጊዜ መጥታ ወሰደችኝ። እንጨቱ ተነሳ፣ ወደ አገሬ ተመለስኩ። "ምን አየሽ? ምን አበሉሽ? አዋሪኝ እንጂ፣ ምላስሽ የት ሄደ?" ትለኛለች። እኔ ምን ላውራ? የማወራው ሁሉ እዚያ ፎቶ ላይ ይደርሳል። እቴቴ "ልጄን ጣሊያኖቹ ቀየሯት" እያለች ለጎረቤት አማችኝ። ስንት ሳምንት ዝም አልኩ መሰላችሁ።

ቀኑ ሄደ፤ ጣሊያንም ወጣ፣ እንጨቱም ተነሳ። እቴቴ በየዓመቱ ከምርኮ የሚመለስ አለ ሲባል ለገሃር እየሄደች ትቆም ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አስራ ሁለት ዓመቴ። ቅዳሜ ከሰዓት ደጅ ላይ ምስር እለቅማለሁ። አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰውዬ አጥሩ ጋ ቆሙ።

"የአቶ ኃይለገብርኤል ዘመድ እዚህ አለ ብለውኝ ነበር" አሉ። "ተከስተ እባላለሁ።"

እቴቴ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣች። "እህቱ ነኝ፤ ጀማነሽ ነኝ" አለች።

ሰውዬው ምርኩዛቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። "ጀማነሽ?" አሉ። "አንቺማ... ይቺስ ማን ናት?"

"ልጁ ናት፤ ወርቄ።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔን ብዙ ጊዜ አዩና "ወለተ ጻድቅ" አሉኝ።

የክርስትና ስሜ ነው። ከአባቴ፣ ከእቴቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። አቶ ተከስተ ግን ያውቁታል፤ ለምን እንደሚያውቁት ቁጭ ብለው፣ ቃል በቃል፣ እየደጋገሙ ውሃ እየጠጡ ነገሩን። ደሴቱ ላይ አባ አጽብሃ የሚባሉ አብረው የታሰሩ ቄስ ነበሩ። አባቴ የሰፈራችንን መቃጠል የሰማ ጊዜ ሄዶ የሁለታችንን የክርስትና ስም ሰጣቸው። ፍትሃት አደረጉልን። አባቴ ከሚሰጠው ዳቦ እየቀነሰ አርባ ቀን አጠራቀመ፤ በአርባኛው ቀን ያንን ደረቅ ዳቦ በውሃ አርሶ ለእስረኞቹ አበላ። አርባችንን አወጣ።

"እኔም በልቻለሁ" አሉ አቶ ተከስተ። "ነፍስ ይማር ብዬ፣ በስምሽ በልቻለሁ ልጄ።"

መርዶ እንደ ወጉ ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አቶ ተከስተ ለዚህ ዝግጁ አልነበሩም፤ ሞተዋል ያሉንን በሕይወት ቆመን ሲያገኙን አፋቸውን መግታት አቃታቸው። እቴቴ ሳትጠይቅ ገብቷታል፤ ነጠላዋን አገልድማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ የጠየቅሁት።

"መቼ ነው የሞተው?"

"በሠላሳ ሁለት፤ ጥር ላይ። ደረቱን ብርድ መታውና።"

እጄን ከነጠላዬ ስር ከተትኩ። ሲኞራ ከሄደችበት ከሠላሳ አንድ ግንቦት ጀመርኩ፤ ሰኔ፣ ሐምሌ። አንዱን ጣቴን አንዱን ጣቴን እያጠፍኩ ጥር ድረስ ሄድኩ። መርከብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።

"ማን ይንገረው!" አለች እቴቴ፤ ደረቷን እየመታች። "ወንድሜ፣ ማን ይንገርህ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ወደዚያ የሚሄድ ባገኝ ኖሮ እግሩ ላይ እወድቅ አልነበረም ወይ?"

ጎረቤት ሰምቶ መምጣት ጀመረ። እቴቴ እኔን ስባ ጭኗ ላይ አስተኛችኝ፤ አንቺ ምስኪን፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ እያለች ጸጉሬን ትዳብሰኛለች። እኔ ከነጠላው ስር ያጠፍኳቸውን ጣቶች መፍታት አቃተኝ።